የምሥራቁ ማዕዘን ጭቃ

ኔይታ ወደ ኡርማል የመጣች ዕለት እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ዓሣ እየፋቅሁ ነበር። ያን ጊዜ ኡርማል ከተማ አትባልም፤ ግማሿ ጉድጓድ፣ ግማሿ የጡብ ክምር፣ የቀረው አቧራ ነው። ከየወንዙ ዳር የተሰበሰበ ሰው አንዱ በሌላው አነጋገር እየሳቀ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ይረግጣል። በሬ የሚጎትተው ጋሪ መጣና ከደጄ ፊት ለፊት ቆመ። አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ትንሽ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ወረደች። ጋሪው ላይ ያለው ንብረት አንድ የድንጋይ ወፍጮ፣ ጥቂት ማሰሮና የተጠቀለለ ሰሌን ብቻ ነው።

«ቤታችን ይሄ ነው?» አለች ባሏን።

«ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ ድረስ የኛ ነው» አላት።

«በሩስ?»

«ገና አልተሠራም።»

የኔ አፍ መቼም አያርፍም። «እቴ፣ በር እስኪሠራልሽ በኔ በር ግቢ» አልኳት። «ሌባም ቢመጣ የሚያገኘው አቧራ ነው፤ እሱን ደግሞ ወስዶ በገላገለን።»

አልሳቀችም። ትንሽ ቆይታ ግን ከጀርባዋ ያለችውን ልጅ ወደ ፊት አዞረችና፣ «ካኒ፣ ለእትዬ ሰላም በያት» አለቻት። ልጅቷ ዓሣውን እንጂ እኔን አላየችም። እንዲህ ሆነን ተዋወቅን። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ያለው ግድግዳ አንድ ነው፤ ብትስል እሰማለሁ፣ ብጮህ ትሰማለች።

ባሏ ኮዳር ይባላል። የቶሊ ሰው ነው። ቶሊ በወንዟ ቁልቁል፣ በማለዳ የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ የሚደርስባት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያ አገር ጭቃ ማወቅ ማለት ኮዳርን ማወቅ ነው። ጭቃውን በጣቱ አሸት አድርጎ፣ ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ጨው አለው፣ ይሰነጠቃል» ወይም «ይሄ ይይዛል» ይላል። የመደቡ አለቃ ዌራን ይህን ሰምቶ ነው ራሱ ድረስ ሄዶ ያመጣው። መደቡ የኡርማል ነገር ሁሉ ነው። ወንዟ በየዓመቱ ስትሞላ የቆላውን መንደር ሁሉ ስለምትጠርግ፣ ዌራንና ሽማግሌዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ ሰፊ የጭቃ መደብ ሠርተን፣ ዙሪያውን በጡብ ግንብ ይዘን፣ ከላይ እንኑር አሉ። ከዚያ ወዲያ ውሃ የማይነካው ቤት፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በየሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ይኖራል አሉ። ሰውም አመነ። እኔም አምኜ መጥቻለሁ፤ የኔን መንደር ወንዟ ሁለት ጊዜ በልታብኛለች።

የቶሊ ሰዎች ቤት የሚሠሩት አያቶቻቸው በኖሩበት ጉብታ ላይ ነው። ቤት ሲያረጅ ያፈርሱትና በላዩ ሌላ ይሠራሉ፤ በዚያ ምክንያት ጉብታው ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ ትንሽ ኮረብታ ሆኗል። በሰሜን በኩል የድሮ ቤት ፍራሽ ነው። በምሥራቅ በኩል ሙታናቸውን ይቀብራሉ። የጉብታው ጭቃ ደግሞ አመድና ጭድ ስላለበት ጨው የለውም፤ ጥቁርና እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። ዌራን ይህን ጭቃ ፈለገ። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ተነጋገረ፤ በመጨረሻ በሰሜን በኩል ይቆፈር፣ የምሥራቁ እንዳይነካ ተባለ። ኮዳር ራሱ በመካከሉ የእሾህ አጥር አጠረ። በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ «ወንዟ ትስማኝ፣ ከዚህ አጥር ወዲያ አንድ ዶማ አያልፍም» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሚስቱን ይዞ የመጣው።

ኔይታ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ወዲያው አይደለም። አንድ ቀን ጣራ ላይ ምስር እየለቀምን፣ ካኒ እግራችን ሥር እየተጫወተች፣ «አንድ ብቻ ናት ልጅሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሦስት ወልጃለሁ» አለች።

ምስሩን በሰፌዱ ላይ እየበተነች ቀጠለች።

«ወንዱ ኤላ ይባላል። አራስ ቤት ሆኜ ነበር ትኩሳቱ የያዘው። እሱ ሲሄድ ኮዳር ነበረ፤ ራሱ ነው በእጁ ያስገባው። ትንሿ በሳምንቷ ተከተለችው። ስም አላወጣንላትም ነበር። ኮዳር ያን ጊዜ እዚህ ጡብ ሥራ ላይ ነው፣ ሰው ልከንበት አልደረሰም። ወንዶቹም አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። እኔና አማቴ ነን የቀበርናት።»

«ከወንድሟ ጎን?»

«አይ። ከወንድሟ ጎን ድንጋይ ወጣብን። ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት የዛፍ ሥር አለች፣ እዚያ አደረግናት። ምልክት አላደረግንም። እኔ አውቀዋለሁ። እማማ ቱሪም ያውቁታል።»

እማማ ቱሪ የኮዳር እናት ናቸው። የመንደሩ ሰው ወደ ኡርማል ሲገባ እሳቸው እምቢ ብለው እዚያው ብቻቸውን ቀሩ። «እናንተ ጡባችሁን ሥሩ፣ እኔ እነዚህን እጠብቃለሁ» አሏቸው። ኔይታ በየጊዜው የገብስ ቂጣና ደረቅ ዓሣ ጠቅልላ ትሄድ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ፈካ ይላል። እንደ ሌላው ሰው ገበያ ደርሳ የመጣች ትመስላለች። «ዛሬ ምን አደረግሽ?» ስላት፣ «ምንም፤ ተቀምጬ መጣሁ» ትለኛለች።

ባሏን ትወደው ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም በኋላ የመጡት ሰዎች ሌላ ሌላ ያወራሉ። ማታ ሲመጣ እግሩን ታጥበዋለች፤ እሱ ደግሞ ጭቃ በነካው እጁ አፍንጫዋን ይቀባታል። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ጎሽ!» ስትለው ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ባሌ ሙር፣ ጋሪ ነጂው፣ «ስሚ፣ እነዚህ ከኛ ይበልጥ ይስቃሉ» ይለኝ ነበር። «አንተ መጀመሪያ እግርህን ታጠብ» እለው ነበር።

የዚያ ዓመት ወንዟ ያለ ወትሮዋ ቀደመች። ከላይ ከተራሮቹ የሚወርዱ ነጋዴዎች፣ በረዶው ቶሎ ቀልጧል፣ ዝናቡም በላዩ ጀምሯል፣ ያያችሁትን ውሃ አትመኑት ብለው ነገሩን። መደቡ በሦስቱ ወገን አልቋል። የምሥራቁ ማዕዘን ግን ገና ነው። ግንቡ በውጭና በውስጥ ተነስቶ መሀሉ ባዶ ነበር። ያ ካልተሞላ ውሃው ግንቡን ገፍቶ ይገባል፤ ከገባ መደቡን ከሥር ይልሰዋል፤ በላዩ ያለነው ሁሉ ከነቤታችን እንወርዳለን። ጡብ ለማድረቅ ፀሐይ የለም። ዌራን ጭቃው እንዳለ ይሞላ፣ እየተረገጠ ይጠቅጠቅ አለ። የቻለ ሁሉ ወጣ። ሽማግሌ፣ እመጫት፣ ዶቃ ሠሪው፣ ዛጎል ቆራጩ፣ ሁሉም።

የቅርቡ ጭቃ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሸሻል። የሩቁ ደህና ጭቃ መንገዱ በውሃ ተቆረጠ። በቶሊ ጉብታ ሰሜን በኩል የቀረው ደግሞ የድንጋይ መሠረት ሆነ፤ ዶማ አይገባውም። የሰሜኑ ድንጋይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት እኔና ኔይታ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸብ አድርገን፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተያይዘን፣ በሁለቱ ግንብ መካከል ገብተን ጭቃ እንረግጥ ነበር። ጋሪዎቹ ይመጣሉ፣ ከላይ ይገለብጡብናል፣ እኛ እንረግጣለን፣ ሌላ ይመጣል።

ከሴቶቹ ሁሉ ኔይታን የሚያህል አልነበረም። የጭቃ ሰዎች ልጅ ናት፣ ተረከዟን እንዴት እንደምትጥል ታውቃለች። «እንደ ዳክዬ አትርገጡ! ተረከዝ! ተረከዝ!» ትለናለች። እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፣ ሁለቴ በአፍንጫዬ ተደፋሁ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «ፓላ መሬቱን እየሳመችው ነው፣ ተዉአት!» አሉ። ካኒ በመካከላችን እየዘለለች እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ትገባና አውጡኝ ትላለች። ውሃው እየመጣ መሆኑን እናውቃለን፣ ፈርተናል፤ ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሠራ የሚመጣ ሙቀት አለ፣ እሱ ይዞናል። ዘፈን ተነሳ። ኔይታ ስትዘፍን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ የሙር ጋሪ መጣ። የገለበጠው ጭቃ ጥቁር ነው። ኔይታ ጎንበስ ብላ አንሥታ በጣቷ አሸት አደረገችው።

«ይሄ የቶሊ ጭቃ ነው» አለች። «ሙር! ከየት አመጣኸው?»

ሙር በሬዎቹን ነው የሚያየው። «ከሰሜን በኩል» አለ።

«ሰሜኑ አለቀ አልተባለም እንዴ?»

«ትንሽ ተገኘ።»

ኔይታ ወደኔ ዞረች። ፊቷ በርቷል። «አየሽ እትዬ? የኛ ጭቃ ነው። ይሄ ከገባማ ማንም አይገፋውም። በይ ነይ፣ እዚህ ጋ እርገጪ» አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጋሪ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ነበር። ረገጥነው። ካኒም ረገጠችው። እስኪመሽ አንድ ላይ ረገጥነው።

በቶሊ የሆነውን ሙር ነው በኋላ የነገረኝ፤ ሲነግረኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ዌራን በማለዳ ኮዳርን ጠርቶት፣ «ሌላ ጭቃ ታውቃለህ?» አለው። ኮዳር ፊቱን አዞረ። «የምታውቀውን እኔም አውቀዋለሁ» አለው ዌራን። «ቃል ሰጥተናል፣ አዎ። ውሃው ግን ቃላችንን አልሰማም። እዚህ ላይ ስንት ነፍስ እንዳለ አንተ ነህ የምታውቀው። ልጅህም አለችበት። እኔ አላዝህም። እምቢ ካልክ እምቢ ብለሃል፣ አብረን እንወርዳለን።»

ኮዳር ዶማውን አነሣ። ከዚያ፣ «ለሚስቴ ማንም እንዳይነግራት» አለ። «ካወቀች ሄዳ ላዩ ላይ ትተኛለች። ያን ጊዜ እኔ አልችልም።»

ጋሪ ነጂዎቹን ሁሉ በወንዟ አስማላቸው። ቶሊ ሲደርሱ እናቱ ከእሾህ አጥሩ ፊት ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ደህና አደርክ ልጄ? ምነው በሌላ በኩል መጣህ?»

«እማዬ፣ ተነሺልኝ።»

አሮጊቷ ዶማዎቹን አዩ። ጋሪዎቹን አዩ። ፈትላቸውን አላቋረጡም። «እዚህ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ» አሉት።

«አውቃለሁ።»

«አባትህ ነው። ልጅህ ነው። እኔ ደግሞ ነገ ነኝ።»

«እማዬ፣ ከተማው በሙሉ ሊሄድ ነው። ካኒ አለችበት። ተነሺልኝ በናትሽ።»

«አንሣኝ እንግዲህ» አሉት። «ራስህ አንሣኝ። እነዚህ የሰው ልጆች እንዳይነኩኝ።»

ኮዳር እናቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አንሥቶ ከአንድ ቤት ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ከዚያ የራሱን አጥር ራሱ ነቀለ። የኤላን ቦታ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ እዚያ ቆፍሮ ያገኘውን ሁሉ በማሰሮ አደረገ። የአባቱንም እንዲሁ። ሌሎቹን ለመለየት ሲሞክር፣ ሰው እየላከ ዌራን፣ «ፍጠኑ፣ ውሃው የግንቡን የታች ጡብ ነክቷል» ይላል። ትንሿን ፈለጋት። ከወንድሟ ጎን ፈለገ፣ ድንጋይ ሆነበት። ወደ እናቱ ሄዶ፣ «የቷ ጋ ናት? አሳዪኝ» አላቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። ከጎናቸው ተንበርክኮ ለመናቸው፤ ጥጣቸውን ይዘው ዝም አሉ። በዚህ መካከል ሰዎቹ መቆፈር ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ያው ጭቃ ነው።

በመጨረሻው ጋሪ እናቱን ሊጭን ሲል በሬው መንሸራተት ጀመረ፤ ጭነቱ ከብዷል፣ መንገዱ ላይ ውሃ ገብቷል። «ይሄን አራግፌ ተመልሼ እወስድሻለሁ» አላቸው። አሮጊቷ ያን ጊዜ ተናገሩ። «ሂድ» አሉት። ኮዳር አራግፎ ሊመለስ ሲል ግን መንገዱን ውሃ ቆርጦት ነበር።

ጨለም ሲል ማዕዘኑ ሞላ። ሰው ሁሉ ሆ አለ። ዌራን ራሱ ጭቃ እስከ አንገቱ ነው፣ ቆሞ ያለቅሳል። እኔና ኔይታ ከግንቡ ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ካኒ የእናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ኮዳር መጣ። ማሰሮ አቅፏል፣ አፉ በጨርቅ ታስሯል።

ኔይታ ማሰሮውን አየች። ከዚያ እሱን አየች። እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፤ እሷ ግን ወዲያው ገባት። ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድ አየሁ፤ እንደ ውሃ ወደ መሬት ሰረገ።

«ኤላ ነው» አላት።

ተቀበለችው። በሁለት እጇ ይዛ ጭኗ ላይ ከካኒ ራስ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እሷስ?» አለች።

ኮዳር እጁን አየ።

«ኮዳር፣ እሷስ?»

«ፈለግኋት» አለ። «ወንዟ ትስማኝ ፈለግኋት። ቦታውን አላውቀውም።»

ኔይታ ወደ ታች እግሯን አየች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ነው። የኔም፣ የካኒም። እንደዚያው ተቀመጠች። ሴቶች ከውሃ ጉድጓዱ ውሃ ቀድተው እየታጠቡ ነው፣ እየሳቁም ነው። እኔም ተነሥቼ በእንስራ ውሃ አመጣሁላት። «ተይው» አለች። እግሯን አልታጠበችም። ያን ሌሊትም፣ በማግስቱም፣ ጭቃው በቆዳዋ ላይ ደርቆ እስኪሰነጠቅ አልታጠበችም። ካኒ ልታጥባት ስትሞክር እጇን ያዘቻትና ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አደረገቻት።

በማግስቱ ማለዳ ወንዟ ደረሰች። እንደዚያ ያለ ውሃ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ከመደቡ ላይ ሆነን ስናይ አገር የለም፤ ዛፍ ከነሥሩ፣ የሞተ በሬ፣ የሰው ጣራ ይንሳፈፋል። ውሃው የምሥራቁን ማዕዘን መታው፣ ተመለሰ፣ እንደገና መታው። ማዕዘኑ አልተነቃነቀም። ሰው እየተቃቀፈ ያለቅሳል። ዌራን ኮዳርን ከሰው መካከል ፈልጎ ሊያቅፈው መጣ። ኮዳር በግንቡ ጠርዝ ቆሞ ወደ ቶሊ በኩል ነው የሚያየው። «እናቴ እዚያ ናት» አለ። «ጉብታውን ቆርሼባታለሁ። የምትወጣበት የላትም።» ወደ ውሃው ሊወርድ ሲል ሙርና ሌሎቹ ያዙት። ይዘውት ቆዩ፣ እስኪደክመው።

ውሃው ገና ከግንቡ ሥር ሳይሸሽ ነው የኔይታ ነገር የተነሣው። አንድ ቀን ቤቷ አጣኋት። ካኒ ብቻዋን ተቀምጣ፣ «እማዬ ወደ ሥራ ሄደች» አለችኝ። ሄጄ ብፈልጋት የምሥራቁ ማዕዘን ላይ ተንበርክካ፣ በመዳብ ቢላዋ የላዩን ጭቃ እየፋቀች በእጇ ታፍሳለች። እያንዳንዱን እፍኝ በጣቷ ታሸዋለች፣ ታየዋለች፣ ከጎኗ ታኖረዋለች።

«ኔይታዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ነጭ ነገር ካለ እያየሁ ነው» አለችኝ። «ትንሽ ናት፣ ቶሎ አትታይም።»

ከጎኗ ተንበረከክሁ። እጇን ልይዝ ስል ሌሎች ደረሱ። ሰው እንዴት እንደሚፈራ አስቡት፤ ውሃው ከታች እያፏጨ ነው፣ አንዲት ሴት ከላይ ግንቡን ትፈለፍላለች። «ልትገድለን ነው!» ብለው ጮኹ። አንዱ በፀጉሯ ጎተታት፣ አንዲቷ ምራቋን ተፋችባት። «ያንቺ ሙት ይበልጣል ወይስ የኛ ሕያው?» አለቻት፤ የራሷን ልጅ አዝላለች። ኔይታ ሴትዮዋን ሳይሆን ያዘለችውን ሕፃን አየችና ቢላዋዋን ጣለች።

ዌራን ፊት አቀረቧት። ዌራን ክፉ ሰው አልነበረም። ይቅርታ ጠየቃት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ግን ከምሥራቁ ግንብ እንዳትደርስ ፈረደባት። «ምን ላድርግ እህቴ» አላት፤ «አንቺ እጅሽን ወደዚያ በዘረጋሽ ቁጥር ሕዝቡ አይተኛም።» «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ ካኒ መንገድ ላይ ስትወጣ ልጆቹ «የግንብ ፈልፋይ ልጅ!» ይሏታል። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ አለቀሰች፤ በኋላ እሷም በእናቷ ማፈር ጀመረች።

ውሃው ሲሸሽ ኔይታ አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። ወደ ቶሊ ሄድን። ቶሊ የለችም። ጉብታው የነበረበት ሰፊ ጉድጓድ ሆኖ ውሃ ተኝቶበታል፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጫጭ ወፎች ይለቅማሉ። የእማማ ቱሪን ሬሳ ፈለግን፣ አላገኘንም። ኔይታ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ወዲህ ትላለች፣ ትቆማለች፤ ወዲያ ትላለች፣ ትቆማለች። ቦታውን እየለካች ነው። ግን በምን ትለካው? ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ድንጋዩ እንኳ ሄዷል።

«እዚህ ጋ ይመስለኛል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አይደለም» አለች።

ወጣች። «እንሂድ፤ ካኒ ትራባለች» አለችኝ።

ኤላን ከከተማው ውጭ፣ ለሁሉም መንደር በተመደበው አዲስ መቃብር ቀበረችው። ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ነው። መደቡ ላይ መቅበር ክልክል ነው ተባለ። ከውሃው ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።

ለኮዳር ከላይ በኩል ቤት ሰጡት፤ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ያለው፣ መታጠቢያው በተቃጠለ ጡብ የተነጠፈ። እንደዚያ ያለ ቤት የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። እኔ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ኔይታ ትጋግራለች፣ እሱ ይበላል። ምግቡን ስታቀርብለት አትወረውርም፣ አታማርርም። ብታማርር ይሻለው ነበር። እጁን ሲዘረጋላት አትሸሽም፤ እንደ እንጨት ትቆምለታለች። አንድ ቀን እኔ እዚያው ሰሊጥ እየወቀጥኩ ሳለሁ፣ ከመታጠቢያው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣና ፊቷ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን ብነግርሽ ኖሮ እምቢ ትይ ነበር። አይደል? እምቢ ነበር የምትይው።»

ይህን የጠየቀው አዎ እንድትለው ነው። ዓይኑ ይለምናት ነበር። እኔም በልቤ፣ አዎ በይው፣ ምን አለበት፣ አልኩ።

ኔይታ ሊጡን ከእጇ ላይ አራገፈች። ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ስንት ጊዜ አስባዋለች።

«መጀመሪያ እጮህ ነበር» አለች። «ከዚያ ካኒን አያት ነበር። ከዚያ እሺ እል ነበር። ዶማ አልፈልግም፣ በእጄ እቆፍር ነበር። ቦታውን አውቀዋለሁ እኮ፣ ኮዳር። ሰዎቹ ውሃ ጠጥተው ሳይጨርሱ አወጣት ነበር።»

ኮዳር ቆመ። ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ጡቡ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ወጣ። ወደዚያ ቤት ተመልሶ አልገባም። ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር በበሬዎቹ በረት ይተኛ ጀመር። ሥራውን አልተወም፤ ሁለተኛው መደብ ሲጀመር ጭቃውን የሚመርጠው እሱ ነበር፣ እንዲያውም ከቀድሞው በላይ ይሠራ ነበር ይላል ሙር። ግን ጭቃውን በምላሱ መቅመሱን ተወ። በሚቀጥለው ዝናብ ሳል ያዘው። ኔይታን ልጠራት ሄጄ ነበር። መጣች፣ ራሱን ደግፋ ውሃ አጠጣችው። «ኔይታ» አላት። «አለሁ» አለችው። ከዚያ ሞተ።

ካኒ አሁን ትልቅ ሴት ናት። ዛጎል ቆራጩን አግብታ በሦስተኛው መንገድ ትኖራለች። ቶሊን አታስታውስም፤ ስለ መንደር ሲወራ ትሰለቻለች። ኡርማልን ትወዳታለች፤ ለምን አትወዳት? ውሃው በየዓመቱ ይመጣል፣ ማዕዘኑን ይመታል፣ ይመለሳል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች ቆመው፣ እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ ይሠራል ወይ ይላሉ።

ኔይታ ዓይኗ ደክሟል። ዌራን ከሞተ ወዲህ ፍርዱን የሚያስታውስ የለም፤ ወደ ምሥራቁ ግንብ ብትሄድ የሚከለክላት አታገኝም። ይህን ነግሬያታለሁ። አብሬሽ ልሂድ ወይ ብያታለሁ።

«ሄጄ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «በላዩ ሰው ቤት ሠርቷል።»

ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ዓይኗ ስለማያይ ደህናውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ትጥለዋለች። እኔ ከኋላዋ እለቅመዋለሁ።